ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሚነቃው አሠልጣኝ

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ41 ዓመት ሰው ነኝ። ጅማ አካባቢ ባለ ማሠልጠኛ የፖሊስ ምልምሎችን ማሠልጠን ከጀመርኩ 11 ዓመት አለፈኝ። ሰልፍ፣ አካል ብቃትና ኢላማ ተኩስ አስተምራለሁ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሜዳ ላይ ነኝ። የምወጣው ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። በሳምንት ስድስት ቀን።

ከዓመት ወዲህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እነቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። ጨጓራዬ ያቃጥለኛል። ማጅራቴን ይይዘኛል። አንዳንዴ ደረቴን ጫን ይለኛል። ፋርማሲ ገብቼ ብለካ ግፊትህ 158 በ98 ነው አሉኝ። ከሜዳ ጮኼ ስለመጣሁ ነው ብዬ ተውኩት። ለወገቤ ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ እወስዳለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እቅማለሁ። ማታ ለመተኛት ሁለት ሦስት ቢራ እላለሁ።

ድሮ ምልምሎቼን በስም ነበር የማውቃቸው። አሁን ፊታቸው እንኳ አይለይልኝም። ባለፈው ሰሞን በሩን ስከፍት የ7 ዓመት ልጄ ከተቀመጠበት ተነሥቶ፣ እጁን ከጎኑ አጣብቆ ቆመ። ባለቤቴ አለቀሰች። ሐኪም ቤት ብሄድ ‹አእምሮው ተነካ› ተብዬ ትጥቅ የምፈታ እየመሰለኝ ፈራሁ። አሠልጣኝ ደግሞ ደከመኝ አይልም። ካሠለጠንኳቸው ልጆች ሁለቱ ግዳጅ ላይ አለፉ። ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ ጤና ይስጥልኝ። በዕድሜ ታናሼ ነህና አንተ እልሃለሁ።

ሌላው ሁሉ ይቆየኝና ከደረትህ ልጀምር። «ጫን ይለኛል» ብለህ በግማሽ መስመር ያለፍካት ነገር እኔን አላሳለፈችኝም። በዚህ ሳምንት ውስጥ ሐኪም ዘንድ ቅረብና ኢሲጂ የሚባለውን የልብ ምርመራ ተነሣ። አያምም፤ ደቂቃዎች ቢፈጅ ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ጭነቱ ወደ ግራ ክንድህ፣ ወደ መንጋጋህ ወይም ወደ ጀርባህ ከዞረ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካሰመጠህ ወይም ትንፋሽ ካጠረህ ነገን አትጠብቅ። በዚያችው ደቂቃ ሰው ጠርተህ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂድ። የፊት አንድ ወገን ሲጣመም፣ አንድ እጅ ሲዝል፣ አንደበት ሲኮላተፍም እንዲሁ ነው፤ እሱ የስትሮክ ምልክት ነው። ይህን አንቀጽ ለባለቤትህም አንብብላት። በእንዲህ ያለ ሰዓት ወሳኙ አጠገብህ ያለ ሰው ነው።

ለምን እንዲህ እንደምጨነቅ ልንገርህ። ታላቅ ወንድሜ ወታደር አሠልጣኝ ነበር። ድምፁ ማዶ ሰፈር ይሰማ ነበር። በ52 ዓመቱ አንድ ጠዋት ጫማውን ሊያጠልቅ ጎንበስ እንዳለ ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉን። እኔ ነርስ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ግፊት ስለካ የኖርኩ ሰው ነኝ። የእሱን ግን አንድም ቀን አልለካሁም። «እኔ ምን ሆኜ!» ይለኝ ነበር፤ እኔም አመንኩት። አንተን ግን አላምንህም።

ስለ ግፊትህ «ጮኼ ስለመጣሁ ነው» ያልከው ግማሹ እውነት ነው። ከጩኸት፣ ከሩጫ፣ ከቡና ወይም ከጫት በኋላ የተለካ ግፊት ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ እንደ ደንቡ ተለካ። ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለህ ቡናም ሲጋራም አትንካ። ፊኛህን ባዶ አድርግ። አምስት ደቂቃ ዝም ብለህ ተቀመጥ፤ ጀርባህ ይደገፍ፣ እግርህ መሬት ይርገጥ፣ ክንድህ በልብህ ትክክል ይሁን። እየተለካህ አታውራ። ይህን በሦስት የተለያዩ ቀናት አድርግና ቁጥሩን ጻፈው። ሐኪም ቤት ተለክተህ በተደጋጋሚ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደም ግፊት አለብህ ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ምልክት ስለማያሳይ «ደህና ነኝ» የሚለው ስሜትህ ማስረጃ አይሆንም።

የቀረውን ግማሽ ደግሞ አስብበት። ግፊትህ ከፍ የሚለው ስትጮህ ነው እንበል። አንተ በቀን ስንት ሰዓት ነው የምትጮኸው?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው የአሠልጣኝ ድካም የጉልበት ይመስለዋል፤ ሩጫው፣ ፀሐዩ፣ የጅማ ዝናብና ጭቃ። እኔ ግን ከወንድሜ ያየሁት ሌላ ነው። አሠልጣኝ ቁጣን እንደ ዩኒፎርም የሚለብስ ሰው ነው። ግራ ዙር ሲባል ቀኝ የዞረው ልጅ ከልብህ አላናደደህም። እንዲያውም ሳቅህ መጥቶ ይሆናል። ግን ሳቅህን ውጠህ ትቆጣለህ፣ እንዲማር። በቀን መቶ ጊዜ። ፈርተህም ከሆነ፣ ደክሞህም ከሆነ፣ ልጅህ ቤት ታሞ ተኝቶም ከሆነ ያው ቁጣ ነው የሚወጣው። ዓለም ላይ በደመወዝ እንዲቆጡ የሚጠየቁ ሰዎች ብዙ አይደሉም። አንተ አንዱ ነህ።

ችግሩ ሰውነትህ ትወና አያውቅም። ድምፅህ ሲጎላ፣ ጡንቻህ ሲወጠር፣ ዓይንህ ሲፈጥ እውነተኛ ጠላት የመጣ ይመስለዋል። ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል የሚባሉ ዕጢዎች አድሬናሊን ይረጫሉ። ልብ ይፈጥናል። የደም ሥር ይጠባል። ጉበት ስኳር ወደ ደም ይለቃል። ደም ከጨጓራና ከአንጀት ሸሽቶ ወደ ጡንቻ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ከጅብ ለማምለጥ ግሩም ነው። ግን ለደቂቃዎች የተሠራ ነገር ነው። አንተ 11 ዓመት ሮጥክበት።

ከአድሬናሊን ጀርባ ደግሞ ኮርቲሶል የሚባል ሌላ የውጥረት ሆርሞን አለ። በጤናማ ሰው ላይ ጠዋት ከፍ ይልና እየቀነሰ ሄዶ ማታ ይወርዳል፤ ያኔ እንቅልፍ ይመጣል። ውጥረቱ የማያባራበት ሰው ላይ ማታም በደንብ ላይወርድ ይችላል። አካልህ አልጋ ላይ ነው፤ ውስጥህ ግን ገና ሰልፍ ሜዳ ላይ ተጠንቀቅ ብሎ ቆሟል። «አሳርፍ» ያለው የለም።

ኢላማ ሜዳው ደግሞ የራሱ ነገር አለው። እዚያ ትወና የለም። ተኩሶ የማያውቅ ልጅ እጅ ውስጥ ጥይት የጎረሰ መሣሪያ አለ፤ አንዱ አፈሙዙን ቢያዞር የሰው ሕይወት ነው። ዓይንህ ሰላሳ ቦታ ነው የሚጠብቀው። ጆሮህም አለ። የጠመንጃ ተኩስ ከ140 ዴሲቤል ያልፋል፤ በዚህ ልክ የተጎዳ የውስጥ ጆሮ አያገግምም። ጆሮህ ውስጥ የሚጮህ ነገር ካለ፣ ቴሌቪዥን ድምፁን ጨምሩ የምትል ከሆነ ተመርመር፤ መድፈኛም አድርግ። ምልምሎቹም ያድርጉ። ድምፅህም ከሦስት ሳምንት በላይ ከሻከረ የጉሮሮ ሐኪም ይየው።

የሥራ ሰዓትህን ደመርኩት። ከሌሊቱ 11 እስከ ምሽቱ 1፣ 14 ሰዓት። በስድስት ቀን 84። ለምሳና ለዕረፍት በቀን ሁለት ሰዓት ብንቀንስ እንኳ 72 ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸር የስትሮክ አደጋው 35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞት አደጋው 17 በመቶ ይጨምራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (1156/2011) በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ቢልም ፖሊስንና ሠራዊትን አይመለከትም፤ እናንተ በራሳችሁ ሕግ ነው የምትተዳደሩት። ሕጉ አይመለከትህም ማለት ግን ልብህ የተለየ ነው ማለት አይደለም።

ከሰዓቱም በላይ የሚጎዳ ነገር አለ። ሮበርት ካራሴክ የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረበው ሐሳብ ነው። ሰውን በይበልጥ የሚያሳምመው ከባድ ሥራ ብቻውን አይደለም፤ ከባድ ሆኖ የመወሰን መብት የሌለበት ሥራ ነው። ስንት ምልምል እንደሚመጣ አትወስንም። ስንት ጥይት፣ ስንት ሳምንት እንደሚሰጥህ አትወስንም። ምረቃ ላይ ሰልፉ ቢበላሽ ግን ተጠያቂው አንተ ነህ።

አሁን ወደ ሁለቱ ልጆች ልምጣ።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ጨጓራህ ጻፍክ፣ ስለ ማጅራትህ ጻፍክ። ከዚያ መጨረሻ ላይ፣ እንደ ተራ ነገር፣ «ሁለቱ አለፉ» ብለህ ዘጋኸው። ከላይ ደግሞ «ድሮ በስም ነበር የማውቃቸው» ብለሃል። እስቲ ለራስህ መልስ። የአዲሶቹን ስም መያዝ ያቆምከው መቼ ነው? ከሁለቱ ሞት በኋላ አይደለም?

ተሳስቼ ይሆናል። ግን ስም የሌለውን ሰው ማጣት እንደማያም አውቀህ ራስህን የጠበቅክ ይመስለኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የሥራ መሰላቸትን፣ ሰው በርን አውት የሚለውን፣ ሲተረጉም ሦስት ምልክት ሰጥቶታል፦ አቅም ማለቅ፣ ከሥራው በልብ መራቅ፣ በሥራው ውጤታማነት መቀነስ። የፊታቸው አለመለየት ሁለተኛውን ይመስላል። የአንተ ግን መሰላቸት ብቻ አይደለም። ሐዘን አለበት።

ለቅሶ ደርሰሃል? ደርሰህስ አልቅሰሃል፣ ወይስ ዩኒፎርም ለብሰህ ቆመህ ነው የተመለስከው? አገራችን እርም ማውጣት የሚባል ነገር ያላት በከንቱ አይደለም። ያልወጣ እርም ሰው ላይ ያድራል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ስትነቃ የሚመጣብህ «አንድ ሳምንት ጨምሬ ባሠለጥናቸው ኖሮ፣ እንዲህ ብዬ ባስተምራቸው ኖሮ» የሚለው ከሆነ፣ እሱን ብቻህን አትፈታውም። የልጆቹ ቤተሰብ ዘንድ ሂድ። ዓመት ቢያልፈውም ሂድ። እናቶቻቸው ያሠለጠነው ሰው መጣ ብለው በደስታ እያለቀሱ ነው የሚቀበሉህ። ስለ ልጆቹ የምታውቀውን አጫውታቸው፤ ሮጦ የማይደክመው፣ ሰልፍ የሚስተው፣ የሚያሥቀው። ከባልደረቦችህም ጋር ስማቸውን አንሡ። በየሃይማኖታቸው፣ በተዝካርም ሆነ በሰደቃ፣ አስቧቸው።

ስለ ፍርሃትህ። ሐኪም ዘንድ ስትገባ «የአእምሮ ሕመምተኛ ነኝ» ብለህ አትጀምርም። ተመላላሽ ክፍል ትገባለህ። ግፊቴ 158 በ98 ነበር፣ ደረቴን ይጫነኛል፣ ከዓመት ወዲህ እንቅልፍ የለኝም ትላለህ። ይህ ሁሉ የሥጋ ነገር ነው፣ አንድም ውሸት የለበትም። እንቅልፍ ማጣትህን ግን ደብቀህ አትውጣ። ሐኪሙ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይይህ ካለ እዚሁ ጅማ፣ ዩኒቨርሲቲው ሕክምና ማዕከል ውስጥ ክፍሉ አለ። የነገርከውን ምስጢር መጠበቅ ግዴታቸው ነው። ብዙ ዩኒፎርም ለባሽ በዚያ በር ሲገባ አይቻለሁ፤ ሲሻለው ወደ ሥራው ሲመለስም አይቻለሁ።

አንድ ነገር በቀጥታ ልጠይቅህ። ሌሊት ስትነቃ «ምነው ባልነቃሁ» የሚል ሐሳብ መጥቶብህ ያውቃል? መሣሪያህስ ሌሊት የት ነው የሚያድረው? የመጀመሪያው መልስ አዎ ከሆነ መሣሪያው ዛሬውኑ ከቤት ይውጣ፤ ግምጃ ቤት ይደር። ለባለቤትህ ንገራት። ነገ ጠዋት ሐኪም ዘንድ አብራችሁ ሂዱ፤ ሌሊቱ ከከበደህ ደግሞ በዚያው ሌሊት። እንዲህ ያለ ሐሳብ የድካምና የሕመም ምልክት ነው፤ ይታከማል። ትጥቅ ለጥቂት ሳምንት ማስቀመጥ እስከ ጡረታ ለመድረስ የሚከፈል ትንሽ ዋጋ ነው።

ዲክሎፌናኩን በተመለከተ ግልጽ ልሁን። ግፊት ይጨምራል፣ ጨጓራ ያቆስላል። ሁለቱም አሉብህ። ጨጓራህን ጭንቀት ብቻ ያቃጠለው አይመስለኝም። ከዛሬ ጀምሮ አቁመውና ለወገብህ ምን እንደሚሻል ሐኪሙን ጠይቅ፤ የጨጓራ ባክቴሪያ ምርመራም እንዲያዝልህ ንገረው። ሰገራህ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለሰህ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ።

ጫቱ ደግሞ ከውስጡ ካቲኖን የሚባል ነገር አለው፤ እሱም ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍ ይነሣል። ከዚያ እሱን ለመስበር ጨብሲ፣ ማለትም መጠጡ፣ ይመጣል። ቢራ ያስተኛል፤ እውነት ነው። ግን የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ እንቅልፍ ይቆራርጠዋል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማን እንደሚቀሰቅስህ አሁን ገባህ? ግፊትህ እስኪስተካከል ጫቱን ተወው። ቢራውንም እንደ እንቅልፍ መድኃኒት መጠቀም አቁም። ማታ ማታ የምትጠጣው ከአንድ ሁለት ጠርሙስ የሚያልፍ ከሆነ ግን ድንገት ከማቆም ለሐኪሙ ነግረህ ቀስ በቀስ ይሻላል።

ቡናን ጅማ ተቀምጬ ተው አልልህም። አቦሉን ጠዋት ጠጣ። ግን ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ይብቃህ። ካፌይን ግማሹ ከደም ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ቶናና በረካ ብትል፣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ውስጥህ ነው።

አለቃህን ሳታናግር ግን ይህ ሁሉ ግማሽ ሥራ ነው። «ደከመኝ» ማለት ካቃተህ አትበል። የሚሠራ ሐሳብ ይዘህ ግባ። ለምሳሌ ኢላማ ሜዳ ላይ ሁለተኛ አሠልጣኝ አብሮህ ይቁም፤ ይህ የደኅንነት ጉዳይ ነው፣ ማንም ስንፍና አይለውም። አሠልጣኞች በየዙሩ ከሜዳ ወደ ክፍል ትምህርት ይፈራረቁ። የንጋቱን ሩጫ ሁሉም ቀን አንተ ከምትመራው በተራ ይሁን። አንዱ ዙር ተመርቆ ሌላው እስኪገባ ጥቂት ቀን ይሰጣችሁ። የሐኪም ወረቀት ከያዝክ አያይዘው። ብቻህን ከምትገባ ደግሞ ከሌሎች አሠልጣኞች ጋር ግባ። ማጅራቱን የሚይዘው አንተን ብቻ እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ። ሻይ ላይ ጠይቃቸው።

ለልጅህ ደግሞ አንድ ነገር አድርግልኝ። ማታ ባጃጁ በር ድረስ አያድርስህ። ቀደም ብለህ ውረድና አሥር ደቂቃ በእግርህ ሂድ፤ መንገድህ በአዌቱ በኩል ከሆነ ወንዙን ይዘህ። ስትተነፍስ በአራት ቆጥረህ አስገባ፣ በስድስት ቆጥረህ አስወጣ። ረዘም ያለ አወጣጥ ልብን ቀስ ያደርጋል። ጩኸቱን እዚያ ጣለው። ቤት ስትገባ መጀመሪያ ጫማህንና ዩኒፎርምህን አውልቅ፤ ከዚያ በፊት ማንንም አትናገር። ከዚያ ልጅህ ተነሥቶ ከመቆሙ በፊት አንተ መሬት ላይ ተቀመጥ። ከእሱ ዝቅ በል። «ለምን ቆምክ?» ብለህ አትጠይቀው፤ መልሱን ታውቀዋለህ።

እሑድ ደግሞ ይዘኸው ጅሬን ውጣ፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ። ዳገቱን ግን ሐኪም ልብህን ካየ በኋላ። እስከዚያ ቦዬ ረግረግ ውሰደው፣ ጉማሬ አሳየው። እርምጃ አትቁጠርለት። ከፊት እሱ ይሂድ።

የሦስቱን ቀን የግፊት ቁጥር ጻፍልኝ። ከፈቀድክ የሁለቱንም ልጆች ስም ጻፍልኝ፣ ለእኔ ብቻ።